የእናቴ የስኳር መለኪያና የድሬዳዋ ሙቀት

እናቴ የስኳር በሽታ እንዳለባት የታወቀው በ54 ዓመቷ ነው። የሚያማት ነገር ስላልነበረ ለመነጽር ዓይኗን ልትታይ ሄዳ በታዘዘላት የደም ምርመራ ተገኘ። ሕክምናውን እንደጀመረች ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት የቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ገዛሁላት፤ ይኸው 8 ወር ተጠቀምንበት።

መሣሪያው በኪስ የሚያዝ ነው፤ ቁጥሩ ጎላ ብሎ ይታያል፣ ውጤቱንም በጥቂት ሴኮንዶች ይሰጣል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ትልቁን ጥቅም ያገኘነው ቁጥሮቹ እናቴ ስለ በሽታው የነበራትን ግንዛቤ በመለወጣቸው ነው። ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ስትጀምር ነገሩ ያበቃ መስሏት ነበር። አንድ ቀን እራት ሳትበላ አድራ ጠዋት ስትለካ 158 (መሣሪያችን የሚቆጥረው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው) ሲያሳያት፣ «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» አለችኝ። ዕቃው ግን ደህና ነበር። ጉበት ሌሊቱን ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቅቃል፤ ልቀቱን የሚገታው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። በአዋቂነት በሚጀምረው የስኳር በሽታ የሰውነት ሕዋሳት ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል፣ ቆሽትም ከዓመታት በኋላ የሚበቃውን ያህል ማመንጨት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ምንም ሳይበላ ያደረ ሰው እንኳ ጠዋት ከፍ ያለ ቁጥር ሊያይ ይችላል። ሐኪሟ ይህን ቀድሞ ነግሯት ነበር፤ የገባት ግን የራሷን ቁጥር ስታይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከምግብ በፊትና ምግብ ከጀመረች ከ2 ሰዓት በኋላ መለካት ጀመርን። ሩዝ በሥጋ በልታ 236 የደረሰው ስኳሯ፣ የሩዙን ግማሽ በምስርና በሰላጣ ተክታ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት በዛፎች ጥላ ሥር ስትራመድ 172 ሆነ። ለብዙ አዋቂ ሕሙማን የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ልክ ግን ሐኪሙ ይወስናል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ እርሱም ስትሪፑ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካበትና መሣሪያው ውስጥ የሚሰካው ትንሽ ቁራጭ ነው። በስትሪፑ ጫፍ ያለው ኢንዛይም የተባለ ንጥረ ነገር ከደሙ ስኳር ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው መሣሪያው ወደ ቁጥር የሚለውጠው። ኢንዛይሙን ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። በገዛነው የስትሪፕ ብልቃጥ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ ተጽፏል፤ የድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛውን ብልቃጥ ስገዛ ፀሐይ በሚያርፍበት የመስታወት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ እንደነበር ልብ አላልኩም። በዚያ ስትሪፕ አንድ ከሰዓት 290 ወጣ፤ እናቴ ደነገጠች፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ወሰድኳት። የላቦራቶሪው ውጤት 164 ሆነ። በአዲስ ብልቃጥ እዚያው ስንለካት 171 አለ፤ ለእንዲህ ያለ መለኪያ ከላቦራቶሪ በ15 በመቶ ገደማ መለየት ተቀባይነት ያለው ስለሆነ ይህ ልዩነት አያሳስብም። የ290ው ቁጥር ግን ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን እንዲጨምር ሊያደርገው ይችል ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያስፈራኛል።

ስለዚህ ስትሪፕ የምትገዙ ሰዎች ሻጩ ከየት እንደሚያነሣላችሁ ተመልከቱ፣ የአገልግሎት ማብቂያውን ቀን አንብቡ፣ 50 ስትሪፕ ከያዘው ብልቃጥ ይልቅ ቶሎ የሚያልቀውን ባለ 25ቱን ምረጡ። ቤት ውስጥ ፀሐይ በማይገባበት በቀዝቃዛው ክፍል አኑሩት፤ ፍሪጅ እርጥበት ስላለው አይሆንም። ክዳኑንም አንዱን ስትሪፕ እንዳወጣችሁ ግጠሙት። ማንጎ ወይም ቴምር የነካ እጅ በሳሙና ታጥቦ ካልደረቀ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህንንም በራሳችን አይተናል።

መግዛት ያለባችሁ መሣሪያ ስትሪፑ በከተማው ሳይቋረጥ የሚገኝለትን ነው። መለኪያ አሃዱንም ጠይቁ፦ የጎረቤታችን መሣሪያ በሌላ አሃድ፣ በሚሊሞል በሊትር ስለሚቆጥር 7.2 ሲያሳያቸው «ስኳሬ በጣም ወርዷል» ብለው ጣፋጭ ሊወስዱ ነበር፤ በ18 ሲባዛ ግን በእኛው አሃድ 130 ገደማ ነው። በእኛው አቆጣጠር መውረድ የሚባለው ከ70 በታች ሲሆን ነው።

መሣሪያው በሽታው አለ ወይም የለም ለማለት አያገለግልም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የተባለ ምርመራም አይተካም። ባትሪ ሲቀየር ቀንና ሰዓቱ ስለሚጠፋ እናቴ ቁጥሩን ከበላችው ምግብ ጋር በደብተር ትጽፋለች፤ ሐኪሟም በቀጠሮዋ ቀን መጀመሪያ የሚጠይቃት ደብተሩን ነው።