«የአንጎል ኮሌስትሮል ያጥባል» የተባለው እንክብል

ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ ሱቅ ለአባታችን ገዝቶ ያመጣው ነው። የሱቁንም የእንክብሉንም ስም አልጠራም። ዕቃው ሲያዩት ያማልላል። በአማርኛ የተለጠፈበት ወረቀት «የአንጎል ኮሌስትሮልን ያጥባል፣ መርሳትን ያጠፋል» ይላል። የጀርባው ጽሑፍ ከማነሱ የተነሳ በስልክ ካሜራ አጉልቼ ነው ያነበብኩት፦ የዓሣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቫይታሚን። የእያንዳንዱ መጠን ስንት እንደሆነ የለም። የት እንደተመረተም የለም።

እሺ፣ ይሁን። ግን አንጎል ይታጠብ ያለው ማነው? ከሰውነታችን ክብደት አንጎል 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ግን ከ20 እስከ 25 በመቶው እዚያ ነው ያለው። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። አብዛኛው የነርቭ ጭራን የሚሸፍነው ስባም ልባስ ውስጥ ነው፣ ያለ እሱ መልእክት በወጉ አይተላለፍም።

ደግሞ ከምንበላው ቅቤ የመጣ አይደለም። ደም ውስጥ ኮሌስትሮል ተሸክመው የሚዞሩት እነ ኤልዲኤል በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፉም። አንጎል የራሱን ራሱ ይሠራል። በአዋቂ ሰው ሥራው በአብዛኛው የአስትሮሳይት ነው፤ እነዚህ ረዳት ሴሎች ኮሌስትሮሉን አፖኢ በሚባል ፕሮቲን ላይ ጭነው ይልኩታል፣ የነርቭ ሴሎቹ ደግሞ ኤልዲኤል ሪሴፕተርና ኤልአርፒ-1 በሚባሉ ተቀባዮቻቸው ይረከቡታል፣ የተረፈውን አንድ ኢንዛይም አጥሩን ማለፍ ወደሚችል ቅርጽ ቀይሮ ወደ ደም ያስወጣዋል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ መላክና መረከብ ይዳከማል። ኤልአርፒ-1 ሲያንስ ጉዳቱ ድርብ ነው፣ ምክንያቱም አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር የሚያያዘውን አሚሎይድ ቤታ የተባለ ፕሮቲንም ከአንጎል በማስወጣት ይረዳል። በ1993 ደግሞ ከአፖኢ ዓይነቶች አፖኢ-4 የሚባለው የአልዛይመርን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ ታወቀ። ያለበት ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም።

እንግዲህ ችግሩ የመላክና የመረከብ ከሆነ ማጠቡ ምን ሊፈይድ ነው? ልባሱ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል እኮ የሚታደሰው በወራትና በዓመታት ነው። እነሱ የሚሸጡት የአንድ ወር እንክብል ነው!

ይህን ሁሉ እንኳ ልተወው። ያናደደኝ አባዬ «ይኸው መድኃኒት አለኝ አይደል» ብሎ የደም ግፊት ኪኒኑን መዝለል መጀመሩ ነው። ሻጩን ብሩን መልስ ብንለው «የተከፈተ አይመለስም ወንድሜ» አለን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ የዓሣ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት በእንክብል ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ መድማት ሊያመጣ ይችላል።

ገንዘባችን የተካሰው በኋላ ባስደረግነው የደም ምርመራ ነው። ላብራቶሪው ባዶ ሆድ ኑ አለን። አባዬ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ነው፣ ከምንም አልቆጠረውም። «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ኮሌስትሮል ከየት ይመጣብኛል?» ሲል ግን የላብራቶሪዋ ልጅ ሳትስቅ አስረዳችው፦ «አባባ፣ ሽሮ ኮሌስትሮል የለውም፤ አብዛኛውን የሚሠራው ግን የራስዎ ጉበት ነው።» ውጤቱ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው) እና ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ) ለየብቻ ተጽፎ፣ መደበኛው መጠን አጠገቡ ሰፍሮ ተሰጠን። ወረቀቱ ስለ አንጎል ኮሌስትሮል አይናገርም። ቢሆንም ከንቱ አይደለም፤ የደም ሥር ሲበላሽ አንጎልም ይጎዳል፣ በ2024 የወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርትም በጎልማሳነት ከፍ ያለ ኤልዲኤልን መከላከል ከሚቻሉት 14 ለመርሳት በሽታ አጋላጭ ነገሮች አንዱ አድርጎ ጨምሮታል። የአባዬ ኤልዲኤል ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ሐኪሙም ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት አዘዘለት።

እንክብሉን አትግዙ። ምርመራውን አድርጉ፣ ግን ከደንበጫ ወይም ከአማኑኤል የምትመጡ ከሆነ በጠዋት ድረሱ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ወረፋው አይቻልም።