ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ላላችሁ፦ የልብ ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ቤት ድረስ መጥታ የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አባቴን ያቆመችልንን ፊዚዮቴራፒስት በአደባባይ ለማመስገን ነው። እንደ እኛ ከከተማው ዳር ሆናችሁ የታመመ ወላጅ የምታስታምሙ ካላችሁም ትጠቅማችኋለች።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። የልባቸው የደም ሥር ተዘግቶ ስቴንት (የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገባላቸው፤ ሕክምናውም ተሳካ። ከሆስፒታል ሲወጡ "ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ" ተባሉ። ግን ምን ያህል? እንዴት? የምንኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠያቂው ሁሉ "ኧረ ይተኙ፣ አይነሡ" ይላል፤ አባቴም ደረጃውን ፈሩት። አልጋ ላይ የሚውል አረጋዊ ደግሞ ጡንቻው በቶሎ ይከዳዋል፤ ከልቡ ሕመም ተርፎ ወድቆ ሊሰበር ይችላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ እህታችን እንደመጣች የጠየቀችው የሐኪሙን ወረቀትና መድኃኒቶቻቸውን ነው። ያለዚያ አልጀምርም አለች፤ ይህን ወደድኩላት። ቀጥላ "አባባ፣ ሲሻልዎት ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?" አለቻቸው። "ቆሜ ማስቀደስ" አሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ወደዚያ አመራ፦ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ መቋሚያ ይዞ መቆም፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር። ሳታሟሙቅ አትጀምርም፣ ሳታበርድም አታቆምም፤ የደም ግፊታቸውንም ከሥራው በፊትና በኋላ ትለካለች።

ከሁሉ የገረመኝ ድካማቸውን የምትለካበት መንገድ ነው። አባቴ የሚወስዱት ቤታ ብሎከር የሚባለው መድኃኒት የልብ ምትን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ምት በመቁጠር ብቻ ምን ያህል እንደደከሙ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ከ6 እስከ 20 የሚቆጠር የቦርግ መለኪያ የሚባል አለ፤ ታማሚው ራሱ ድካሙን በቁጥር ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም ከ11 እስከ 13 ባለው እንዲሠራ ይመከራል። ቁጥሩ ለአባቴ አልሆነላቸውም። "እንግዲያው እየተራመዱ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙልኝ" አለቻቸው። ሐረጉን ሳይቋረጥ ካሉት ፍጥነቱ ልክ ነው፤ በየቃሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ይቀነሳል። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ሲመላለሱ "ትምጻእ" ብለው "መንግሥትከ" ሳይሉ ቀሩ። ወዲያው ወንበር አቀረበችላቸው፣ ግፊታቸውን ለካች፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስም ምንም ሳትናገር አጠገባቸው ተቀመጠች።

ደረጃውንም በአንድ ጊዜ አላስወጣቻቸውም። መጀመሪያ ጥቂት ደረጃ ወጥቶ መውረድ፣ ከዚያ እስከ መዞሪያው፣ ከዚያ አንድ ፎቅ። ጎረቤታችን መዞሪያው ላይ ዱካ አስቀመጡላቸው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ዛሬም እዚያው ነው።

እናቴንም አልረሳችም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ወጡ ላይ ጨው ቀንሱ ማለት ለማንም አይከብድም፤ እሷ ግን በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ስንት ጨው እንደገባበት ጠየቀች። አሁን የአባቴ በርበሬ ለብቻው ነው የሚፈጨው።

ባለፈው እሑድ አባቴ ወንጌል ሲነበብ ቆመው ሰሙ፤ በቀረው ጊዜ ተቀመጡ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

እህታችን፣ ለድካምሽ ዋጋውን ፈጣሪ ይክፈልሽ። ሽማግሌ ነው ብለሽ ሳትንቂ፣ ሽማግሌ መሆኑንም ሳትረሺ ነው የሠራሽው።

ለምትፈልጓት፦ አቃቂና ገላን ድረስ ትሄዳለች፤ ክፍያዋንም አስቀድማ ቁርጡን ትናገራለች። ሥራ ስለሚበዛባት ቀጠሮ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ የሐኪም ወረቀቱንም አዘጋጁ። የደረት ሕመም ወይም ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ግን እሷን አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ስልኳን እዚህ ባታወጡት ስላለች፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እልክለታለሁ።