ለልጄ የኮሌጅ ክፍያ መላ ላበጀችልን ሴት ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እዚህ የምገባው ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይደለም። ዘንድሮ የተዋለልንን ውለታ ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ከበደኝ። ደግሞም በዚህ አካባቢ ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት ደፋ ቀና የሚል ሐበሻ ብዙ ነውና የሚጠቅመው አይጠፋም።

የማመሰግናት ሴት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ትሠራለች። ስሜን አታውጣው ስላለችኝ አላወጣውም። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ባይ ናት። ሐበሻ አይደለችም፣ አማርኛም አትችልም። ግን ስታወራ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ነው፤ አንድ ነገር ተናግራ ልጄ እስክታስረዳኝ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። በዚህ አገር ቢሮ ለቢሮ የዞረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ በ2025 ሃይስኩል ጨርሳ አይቲ ልትማር ተመዘገበች፤ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻም ሞላን። የ2025–26 ፋፍሳ የሚያየው የ2023ን ታክስ ነው። እኔ ደግሞ በ2023 ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ማታ መኪና እየነዳሁ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ወረቀቱን ላየው ደህና ገቢ ያለኝ ሰው ነኝ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ወገቤን ኦፕራሲዮን ሆኜ ሁለቱንም አቆምኩ። ቤቱ የቆመው ባለቤቴ አረጋውያን እየተንከባከበች በምታመጣው ደሞዝ ነው። ፋፍሳ ይሄን ከየት ይወቀው? መልሱ ሲመጣ ፔል ግራንት የሚባለው የፌደራሉ ስጦታ የለም። የቀረበልን 5,500 ዶላር ብድር ብቻ፣ እሱም ብሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወለድ የሚቆጥረው ዓይነት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። መንግሥት አንዴ ከወሰነ በቃ ብሎ ወይ ብድሩን ይወስዳል፣ ወይ ልጁን «እስኪ አንድ ዓመት ሥሪና ትገቢያለሽ» ይላል። የእኔም ወዳጆች የመከሩኝ ይሄንኑ ነበር።

ቢሮ ስንሄድ ሴትየዋ ከምንም በፊት ልጄን አንድ ወረቀት አስፈረመቻት። ለካ ልጅ ኮሌጅ ከገባች በኋላ ያለ እሷ ፈቃድ ለወላጅ እንኳን ስለ መዝገቧ አይወራም፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። (የወለድኳትን ልጅ ፈቃድ ስጪኝ ማለቱ ትንሽ ፈገግ አሰኝቶኛል።) ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና ገቢያችን የተጻፈበት መስመር ላይ ጣቷን አስቀምጣ «ይሄ ገቢ ዛሬም አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። «እንግዲያው ይሄ የመጨረሻ መልስ አይደለም» አለች።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ፋፍሳ ያየው ታክስ ዛሬ ያላችሁበትን ሁኔታ የማያሳይ ከሆነ፣ ሥራ ከጠፋ፣ ሕመም ከመጣ፣ ትዳር ከፈረሰ፣ ወይ ከወላጅ አንዱ ካረፈ፣ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ፋይሉን እንደገና አይቶ ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን አለው። እነሱ ፕሮፌሽናል ጀጅመንት ይሉታል። ማንም ሳይጠይቅ አይሠራም፤ ጠይቃችሁ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ ነው። ኮሌጅ «እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ጭራሽ አናስተናግድም» ማለት አይችልም፣ ግን የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ለየብቻ ይመዝናል። ከወሰነም በላዩ ወደ ትምህርት ሚኒስቴሩ ይግባኝ የለም። ስለዚህ ወረቀታችሁን አሟልታችሁ ሂዱ። እኛን የጠየቀችን ከሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ፣ ሥራ ያቆምኩበትን ቀን የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የባለቤቴን የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀቶችና ሁኔታውን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ልጄ ጻፈችው። ሴትየዋ አንብባ፣ ምሬት የበዛበትን ሰርዛ፣ ቀንና ገንዘብ እንድትጨምር ነገረቻት።

ፋይሉ ተስተካክሎ ሲመለስ ፔል ግራንት ተፈቀደ። ይሄ የማይመለስ ገንዘብ ነው፣ በዚያ ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር፤ ለእኛ የመጣው ከዚያ ያንሳል። የጎደለውን ቨርጂኒያ በ2021 ያቋቋመችው ጂ3 የሚባለው ፕሮግራም ሞላው። ጂ3 መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የስቴቱ ነዋሪዎች ነው፤ ሌላው እርዳታ ከተቆጠረ በኋላ የቀረውን የትምህርትና የመጽሐፍ ወጪ ይሸፍናል። ግን ለሁሉም ትምህርት አይደለም። ጤና፣ አይቲ፣ የሕፃናት ትምህርት፣ የሕዝብ ደህንነትና የእጅ ሙያዎች ናቸው። ብድሩንስ? ዝርዝሩ ውስጥ ከግራንቱ ጋር ተደርድሮ ሁሉም «እርዳታ» ይመስላል። እሷ ግን አንድ በአንድ እያሳየች ይሄ ስጦታ ነው፣ ይሄ ዕዳ ነው ብላ ለየችልን። ልጄ ብድሩን አልፈልግም የሚለውን ራሷ ተጫነችው።

ሌላም አለ። ለፋፍሳው አካውንት ስከፍት ስሜ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር አልገጥም ብሎ አስቸግሮን ነበር። እንደ ኃይለ ማርያም ሁለት ቃል የሆነ ስም ያላችሁ ይገባችኋል፤ ሶሻል ካርዴ ላይ ተለያይቶ፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ ተገጥሞ ነው የተጻፈው። ካርዱን ተቀብላ አየችና ልክ ካርዱ ላይ እንዳለው ጻፈው አለችኝ። አለቀ። ፋፍሳ በነፃ እንደሆነ እያወቀ ለዚህ 200 ዶላር የጠየቀን ታክስ ሠሪ አለ፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም። ገንዘባችሁን አትስጡ።

በነገራችን ላይ ይሄ ለሃይስኩል ልጆች ብቻ አይደለም። 24 ዓመት ከሞላችሁ፣ ወይ ካገባችሁ፣ ወይ የምታሳድጉት ልጅ ካላችሁ የወላጅ ገቢ አትጠየቁም። በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ የያዛችሁ፣ ስደተኝነት ወይ ጥገኝነት የተፈቀደላችሁ የፌደራሉን እርዳታ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጉዳዩ ገና በውሳኔ ላይ ያለ ግን ፔል አያገኝም። እንደዚያ ያላችሁ ስቴቱ ምን እንዳለው ቢሮውን ጠይቁ። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ እሷም ማመልከቻ ይዛ መጥታለች፣ እናያለን።

ልጄ ሒሳብ ከብዷት ኮርሱን ልጣለው ስትል ያስቆመቻትም ይህችው ሴት ናት። ከወሰዱት ኮርስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ካልጨረሱ ወይም ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ከ2.0 በታች ከወረደ እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል። አስጠኚ በነፃ አለ ብላ ክፍሉ ድረስ ወሰደቻት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ከዚህ የበለጠ የምከፍላት የለኝም። ለቢሮው ኃላፊም በእንግሊዝኛ አስጽፌ ደብዳቤ ልኬያለሁ፣ እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ አለቃዋም ሊያውቃት ይገባል።

ፋፍሳ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል፤ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 አካባቢ ነው፣ ቶሎ መሙላት ይሻላል። የየትኛው ካምፓስ ቢሮ እንደሆነ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልኬን የማየው ማታ ማታ ስለሆነ ብዘገይ አትቀየሙኝ።