የዛገ አክስል ይታደሳል ወይስ ይጣላል? የአንድ የቃሊቲ ቶርኖ ቤት የፍተሻ አገልግሎት ሲገመገም

የጭነት መኪና አክስል በዝገት ተበልቶ ሲገኝ፣ ይታደስ ወይስ ይጣል የሚለውን ጥያቄ አብዛኛው ባለንብረት የሚወስነው በዓይኑ ነው፤ ቅርፊቱ ከወፈረ አልቋል ይባላል፣ ተፍቆ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ጤነኛ ነው ይባላል። በሁለቱም መንገድ ብዙ ሰው ከስሯል። እዚህ የምገመግመው በቃሊቲ የሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እየተጠረበ የሚስተካከልበት ጋራዥ) የሚሰጠውን የአክስል ፍተሻ ነው፤ ባለቤቱ ወረፋው አሁንም በዝቷል ብለው ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁ አልጠቅሰውም። ቤቱን ከሌሎች የሚለየው ፍተሻውን ከጥገናው ነጥሎ በራሱ ዋጋ መሥራቱ ነው። ጥገናው ቢቀርም ፈታሹ ክፍያውን ስለሚያገኝ፣ የማይድነውን ብረት ይድናል ለማለት የሚገፋፋው ነገር የለም።

ያቀረብንላቸው አክስል ለዓመታት ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ ኖሮ በኋላ ግቢ ውስጥ የቆመ የኤንትሬ የኋላ አክስል ነበር። አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሐይቅ ነው፤ ጨው ርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሲጫን፣ በጉዞ ላይ የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውኃ በካሶኒው፣ ማለትም በጭነት ሳጥኑ ስንጥቆች እያለፈ ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው የስፕሪንግ ብረት) እና አክስሉ ላይ ያርፋል፣ የመንገዱ አቧራም በላዩ ይለጠፍበታል። በዚህ ሁኔታ የኖረ ብረት ሥራ ፈቶ ሲቆም ይብስበታል። የእኛው አክስል ቅርፊቱ እንደ ባሕር ዛፍ ልጣጭ እየተነሳ ይረግፍ ነበር።

ኤንትሬ የምንለው የፊያት 682 ዝርያ ነው፤ ይህ የመኪና ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረ ሲሆን ምርቱ ከቆመ ብዙ ዘመን አልፎታል። ስለዚህ ምርጫው በአሮጌና በአዲስ አክስል መካከል አይደለም፤ በራሳችን የዛገ አክስልና ሶማሌ ተራ ከተበተነ መኪና በወጣ፣ ታሪኩ በማይታወቅና ጥቁር ቀለም በተቀባ ሌላ አክስል መካከል ነው። ለዚህም ነው ለፍተሻ መክፈል ትርጉም ያለው።

ፍተሻው የጀመረው እኔ ከጠበቅሁት በተቃራኒ፣ በጣም ከዛገው ቦታ ሳይሆን ምንም ካልዛገው ነው። ፈታሹ በባሌስትራው መቀመጫ ሥር ተሸፍኖ የቆየውን ብረት በድምፅ ሞገድ በሚሠራ የውፍረት መለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ጻፈ፤ ቀጥሎ ዝገቱ የከፋበትን የአክስሉን ሆድ፣ ማለትም መካከለኛውን ክፍል፣ በአሸዋ ግፊት አስጠርጎ በዚያው መሣሪያ ለካ። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዳን፣ ዝገት ከተነሳበት ብረት ይልቅ በብዙ እጥፍ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ፣ ወፍራም ቅርፊት የሚያስፈራውን ያህል ብረቱን አልበላውም ማለት እንደሚቻል ነገረን። የአክስሉ ሆድ እንዲህ ባለ ውፍረት ሸክሙን ይችላል፤ ጨው በጉድጓዶቹ ውስጥ ስለሚቀር ግን በንጹሕ ውኃ ታጥቦና ፈጥኖ ደርቆ ፀረ ዝገት ቀለም ካልተቀባ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ይቀጥላል።

እውነተኛው ፍርድ ያለው ጫፎቹ ላይ ነው። ኩሽኔታዎቹ (ጎማው የሚሽከረከርባቸው ተሸካሚ ቀለበቶች) የሚሰኩባቸው የአክስሉ ጫፎች የሚለኩት በሚሊ ሜትር ሳይሆን በመቶኛዋ ነው፤ ሆዱ ላይ ከቁም ነገር የማይቆጠር ጉድጓድ እዚህ ኩሽኔታውን ያላላዋል፣ የላላ ኩሽኔታም መቀመጫውን እየፈጨ ይሄዳል። ፈታሹ እያንዳንዱን መቀመጫ በማይክሮሜትር ዙሪያውን በተለያየ አቅጣጫ ለካው፣ ከዚያም ጥፍሩን በላዩ እየጎተተ የሚያቆመው ጉድጓድ መኖሩን አየ። የቀኙ ጫፍ አለፈ። በግራው ጫፍ ኦይልሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት፣ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቷል፤ ይህ ብቻ ቢሆን ስስ ቀለበት አልብሶ ማዳን ይቻል ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ግን መሣሪያ የማይጠይቀውን የስንጥቅ ፍተሻ ነው። የግራውን ጫፍ በነጭ ጋዝ ነክረው አቆዩት፣ በጨርቅ አጥብቀው ወለወሉት፣ ከዚያም በውኃ የተበጠበጠ የጠመኔ ዱቄት ቀብተው ጠበቁ። ጠመኔው ሲደርቅ፣ ጫፉ ከወፍራሙ ክፍል ጋር በሚገናኝበት ትከሻ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ርጥብ መስመር ብቅ አለች። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔውን ማርጠቡ ነበር። ይህ ትከሻ አክስሉ በጭነት ሲለመጥ ጫናው የሚጠራቀምበት ቦታ በመሆኑ፣ ስንጥቅ ሲነሳም አስቀድሞ የሚጠረጠረው እርሱ ነው።

እኔ በብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ ቢስተካከልስ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ በከተማችን ይህን በደስታ የሚሠራ ቤት አይጠፋም። ባለቤቱ፣ አዛውንት ናቸው፣ «ልጄ፣ ሞልተን ብናስረክብህ መልኩ ያምራል፤ ሙቀቱ ግን አጠገቡ ያለውን ብረት ያደርቀዋል፣ ጎማው ከነታምቡሩ የሚወጣው ጭነት ላይ ሆነህ ቁልቁለት ስትወርድ ነው» አሉ። በእኔ አስተያየት የፍተሻው ዋጋ እዚህ ላይ ተመለሰ፤ ከብየዳው የሚያገኙት ገንዘብ ለፍተሻው ከተቀበሉን እጥፍ ድርብ ነበርና። የአክስሉ ቤት፣ ማለትም የተፈተሸው ውጫዊ አካል፣ እንዲጣል፣ ዲፈረንሻሉና ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ግን ስላልተጎዱ ለመለዋወጫ እንዲቀመጡ ወሰንን።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ውጤቱ የሚሰጠው በእጅ በተጻፈ ወረቀት ሲሆን፣ የተፈተሸውን እንጂ ያልተፈተሸውን አይገልጽም፤ ለምሳሌ አክስሉ መጉበጥ አለመጉበጡ ታይቶ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ ነበረብኝ። የአሸዋው ሥራ የሚከናወነው በቂ መከለያ ሳይኖር በግቢው መካከል በመሆኑ አቧራው ሠራተኛውንም ደንበኛውንም ይጎዳል፣ ይህ በቀላሉ ሊታረም የሚገባው ነው። ሌላው ሰዎችን የሚያከራክር ደንባቸው ነው፤ ፍተሻውን ያላለፈ አክስል ከግቢያቸው ከመውጣቱ በፊት የተሰነጠቀውን ጫፍ በኦክሲጅን ይቆርጡታል። በዚህ ምክንያት ባለንብረቱ በኪሎ ሒሳብ ለማቅለጫ ከመሸጥ በቀር ምርጫ አይኖረውም። አስቀድመው ያስታውቃሉ፣ ያልፈቀደውንም አይፈትሹለትም። አክስሉን እንዳለ ብሸጠው ከማገኘው ጋር ሲተያይ ከኪሴ የወጣው ልዩነት ቀላል አልነበረም፣ ሆኖም ያ ጫፍ ቀለም ተቀብቶ ሌላ ሾፌር ሥር እንዳይገባ ማድረጋቸውን እደግፋለሁ።

ወደዚህ ዓይነት ቤት አክስል የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ማስፋቅም ሆነ ማስቀባት የለበትም፤ ቅርፊቱ የት እንደወፈረ ለፈታሹ መረጃ ነው። የአክስሉን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ አስከፍቶ ማየት ተገቢ ነው፣ በጭቃና በዝገት የተደፈነ መተንፈሻ በሙቀት ጊዜ ዘይቱን በኦይልሲሉ በኩል ያስወጣል፣ አክስሉ ወንዝ ውስጥ ገብቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው በኩል ውኃ ያስገባል። ዘይቱን ለማጓጓዝ ሲባል ማፍሰስ ግድ ከሆነም፣ ከመጨረሻው ዝቃጭ ጥቂቱን በሚያሳይ ጠርሙስ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ ውኃ ገብቷልና ዲፈረንሻሉም ተፈትቶ ጥርሶቹ ሊታዩ ይገባል።