የዳሌና የጭን ስብ፦ የጠዋት እርምጃ ወይስ ጂም?

ድሬዳዋ ውስጥ እህቶቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው። ጭንን ብቻ ለይቶ የሚያቀልጥ ስፖርት የለም፤ ሰውነት ሲከሳ ስቡን ከየትኛው ቦታ እንደሚቀንስ እኛ አንመርጥለትም። ደግሞ ሴት ልጅ ዳሌዋ ላይ ስብ የምትይዘው በአብዛኛው በኢስትሮጅንና በዘር ምክንያት ነው፤ ለልብና ለስኳር በሽታ ይበልጥ የሚያሰጋው የሆድ ስብ ነው።

ወጪ፦ እርምጃ ጥሩ ጫማ ይበቃዋል። ጂም ወርሃዊ ክፍያ አለው፣ የባጃጅም ይጨመርበታል።

ሙቀት፦ የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። እርምጃ ከመረጥሽ በንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት ውጪ፤ ከዚራ ሰፈር የዛፉ ጥላ ሥር አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ረፋድ ላይ ግን አስፋልቱ ራሱ ይጋረፋል። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ የደቻቱ አሸዋ ባትን ጥሩ አድርጎ ያሠራል፤ በዝናብ ወቅት ግን ጎርፉ ድንገተኛ ስለሆነ እባክሽ አትውረጂበት። ጂም ማታም ይሆናል።

ውጤት፦ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለልብ ትልቅ ነገር ነው። ክብደት ማንሳትና ቁጭ ብድግ ደግሞ ጡንቻ ይገነባል፤ የእግር ቅርጽ የሚለወጠው በዚህ ነው።

ለጀማሪና ጊዜዋ ጠዋት ለሆነ እርምጃ፤ መራመድ ለለመደችና ለውጡ ለቆመባት ጂም። ጉልበቷን የሚያማት ያለ አሠልጣኝ ክብደት አትጀምር።

ሁለቱም እግሮችሽ እኩል ወፍረው ከቁርጭምጭሚት በታች ግን ካልወፈሩ፣ ሲነኩ የሚያሙና በቀላሉ የሚበልዙ ከሆነ ሊፒዲማ (ስብ እግር ላይ ያለ ልክ የሚከማችበት ሕመም) ሊሆን ስለሚችል አስቀድመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።