«አታስብ፣ እስኪበቃው አጥብቄዋለሁ» ለሚላችሁ መካኒክ መኪና አትስጡ

ባለ ፒክአፖች፣ በተለይ የፊት ኦይል ሲል (የሞተር ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለውን የላስቲክ ቀለበት) ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ እስቲ አንድ አፍታ ስሙኝ።

ነጠላ ጋቢና ሀይሉክስ አለችኝ። ባለ 3.0 ዲ-4ዲ፣ ሞተሯ 1ኬዲ ነው። ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ አመላልስባታለሁ። ባለፈው ክረምት ከፊት በኩል ዘይት ማንጠብጠብ ጀመረች። ዘይቱ የሚወጣው ከትልቁ ፑሊ (ቀበቶው፣ ማለትም ቺንጊያው፣ ከሚዞርበት ክብ ብረት) ጀርባ፣ ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ነው። የወሰድኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አየና «ኦይል ሲል ነው ፋዘር፣ የግማሽ ቀን ሥራ» አለኝ። ለዕቃው 1,800 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 4,500። ሌላ ቦታ ከጠየቁኝ በ3,000 ብር ይቀንሳል። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ሰጠሁ።

ሲሉን ለማግኘት ፑሊው መውጣት አለበት። ፑሊውን ደግሞ መሃሉ ላይ ያለው አንድ ትልቅ ብሎን ነው የያዘው። ያ ብሎን እንቢ አለ። ልጁ በመፍቻ ሲታገለው ሞተሩ አብሮት ይዞራል። ፑሊውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መያዣ የላቸውም። ምን አደረጉ? ረጅም ቧንቧ የገባበትን መፍቻ ብሎኑ ላይ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ሻንሲው ላይ አስደገፉትና ሞተሪኖውን (የሞተሩን ማስነሻ) ለአፍታ አዞሩት። ጓ! ብሎኑ ላላ። እኔ ሞኙ «አቤት ብልሃት» ብዬ አጨበጨብኩ። ያ ብረት ቢያመልጥ ኖሮ ራዲያተሩን ወይም የልጁን እጅ ይዞ ይሄድ ነበር። ናፍጣው ሳይቋረጥ ሞተሩ ቢነሳስ?

ቀጥሎ ፑሊው አልወጣም አለ። ፑሊው ላይ ለፑለር (ፑሊን ስቦ ለሚያወጣው መሣሪያ) ተብለው የተሰሩ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ፑለር ግን የለም። በሁለት ብረት ግራና ቀኝ እየፈነቀሉ በመዶሻ ይመቱት ጀመር። እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ፑሊ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። በመሃሉና በውጭው ቀለበት መካከል የሞተሩን ንዝረት የሚውጥ ላስቲክ አለ። ከዳር ሲፈነቀልና ሲደበደብ ላስቲኩ ይለቃል፣ ፑሊው ይጣመማል። ብረቶቹን ያስደገፉትም የሞተሩ የፊት ክዳን ላይ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን መግጠሙ ላይ ነው። አዲሱን ሲል አስገቡ፣ ፑሊውን መለሱ፣ ብሎኑን አሰሩ። ያሰረው ልጅ ቀጭን ነው። የያዘው መፍቻ ክንድ ቢያክል ነው። ሁለቴ «እህ» አለና ላቡን ጠረገ። «ጠብቋል?» ስለው «አታስብ፣ እስኪበቃው አጥብቄዋለሁ» አለኝ።

የዚህ ሞተር ብሎን መጥበቂያ ልኩ 365 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለብዙዎቻችን ምንም አይለንም፣ ለእኔም አይለኝም ነበር። በኪሎ ላውራችሁ። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 37 ኪሎ ያህል መስቀል ማለት ነው። መፍቻው 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 93 ኪሎ ይፈልጋል። ልጁ ሁለመናው ተመዝኖ 93 ኪሎ አይሞላም፤ ያውም በእጁ ስቦ እንጂ ቆሞበት አይደለም። ግማሹን እንኳ አላደረሰም ብዬ ብናገር አላጋንንም። በአየር የሚሰራውን መፍቻ «ጠርርር» አድርገው የሚጨርሱም አሉ። እሱም ምን ያህል እንዳጠበቀ አይነግራችሁም። አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይበዛና ብሎኑን ይስበዋል። ብሎን ተሰብሮ ጫፉ ሻፍቱ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ ጠዋት ሳስነሳት ኳ ኳ የምትል ድምፅ መጣች። ኢንጀክተር መሰለኝ። ቺንጊያው ሲያፏጭም «ብርድ ነው» ብዬ አለፍኩት። በሙሉ ጭነት ከመቂ ወጥቼ አለም ጤና ስደርስ የባትሪው መብራት በራ። ወዲያው ሙቀቱ ወደ ላይ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍት ብሎኑ ወጥቶ ሊወድቅ ደርሷል፣ ፑሊው እስክስታ ይወርዳል፣ ቺንጊያው የለም። ቺንጊያው ከሌለ ዲናሞም የውሃ ፓምፕም አይዞሩም። ደግነቱ ቶሎ አጠፋኋት፤ ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ተረፈ። ቲማቲሙ አልተረፈም።

ከዚህ የባሰው ሲፈታ ታየ። ፑሊው ከሻፍቱ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ቁራጭ አለች። ሰው ኃይሉን የተሸከመችው እሷ ይመስለዋል። እሷ ቦታ ማስያዣ ናት፤ ኃይሉን የሚሸከመው የብሎኑ ጥብቀት ነው። ብሎኑ ሲላላ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወደቀ። ተበላች፤ የምትቀመጥበትን የክራንክ ሻፍቱን ጎድጓዳም አብራ በላችው።

ጋራዡ ደወልኩ። «የመንገዱ ንዝረት ነው» አሉኝ። ቀጥለው «በብየዳ እናያይዘው» አሉ። እባካችሁ ይህን እሺ አትበሉ። ሙቀቱ አዲሱን ሲል ያቃጥላል፣ ሻፍቱንም ይጎዳል፤ ፑሊው ደግሞ ዳግም አይወጣም። እንቢ ስላቸው ስልክ ማንሳት አቆሙ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ 813/2006 ለደረሰብን ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። እኔ ግን ምን ይዤ ልጠይቅ? ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሻፍት ተገዝቶ፣ ሞተሩ ወርዶ፣ ሌላ ጋራዥ ተሠርታ ስትወጣ ወጪው ከ100 ሺህ ብር አለፈ። 3,000 ብር አተረፍኩ ብዬ!

ስለዚህ መኪናችሁን ከማስረከባችሁ በፊት «ቶርክ ሬንቻችሁን አሳዩኝ» በሉ፤ ጥብቀቱን እየለካ የሚያስረው መፍቻ ነው። ፑለሩንም፣ መያዣውንም። ነገ እንዋሳለን የሚል ካለ ነገ ተመለሱ። የሞተራችሁን ልክ በቁጥር ይንገሯችሁ፤ የሁሉም ሞተር አንድ አይደለም። ሲሉ ለምን እንዳፈሰሰም ጠይቁ። የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ከሆነ ግፊቱ አዲሱንም ገፍቶ ያፈሰዋል። አሮጌውን ሲል ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ «ጥገና» ብቻ ሳይሆን ምን እንደተፈታ ይጻፍ። ከወጣችሁ በኋላም ሞተሩን አስነስታችሁ፣ እጃችሁን ሳታስጠጉ፣ ፑሊውን ከፊት ተመልከቱ። ቢወዛወዝ አትነዱ።

ሁለተኛው ጋራዥ ያሉት ጋሼ ብሎኑን ሲያስሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ፣ መያዣውን አስገቡ፣ ረጅሙን ቶርክ ሬንች ቀጭ እስኪል ሳቡ። ከዚያ ከብሎኑ ራስ እስከ ፑሊው አንድ ነጭ የቀለም መስመር አሰመሩና «መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፣ ያኔ ሳትነዳ ደውልልኝ» አሉኝ። ሁሉም ነገር አስር ደቂቃ አልፈጀባቸውም።