«ዘይት ያው ዘይት ነው» እያለ ፓኬጅ የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠንቀቁ

ባህር ዳር ውስጥ አዲስ የጭነት መኪና ያወጣችሁ፣ ወይም ለማውጣት የባንክ ደጅ የምትጠኑ ወገኖች፣ ይቺን ሳታነቡ የዘይት ቅያሪ «ፓኬጅ» እንዳትከፍሉ። ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ነገሩ በዝቷል። የወንበሩ ፕላስቲክ ገና ሳይነሳ ስልክ ይደወላል። «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ» ይላል ደዋዩ። ቁጥራችሁን ከየት እንዳገኘው አትጠይቁት፣ አይነግራችሁም። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። የብዙ ጊዜ ቅያሪ በአንዴ ክፈል፣ ዋጋው ከገበያ በታች ነው። ፊልትሮ እኛ እናመጣለን። እጥበትና ግራሶ በነፃ። ዋስትናህም አይነካም፣ ደብተሩ ላይ ማህተም እንመታልሃለን።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ዘይትም አልሸጥም። ለጥቂት የመኪና ባለንብረቶች ሂሳብ እይዛለሁ። ስለዚህ ደረሰኝ በእጄ ያልፋል፣ ክርክር ሲመጣም ወረቀቱን ፈልግ የምባለው እኔ ነኝ። ይህን ያስጻፈኝ የአንድ ደንበኛዬ ጉዳይ ነው።

ሰውየው ከወረታ ሩዝ ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ሲመለስ ሸቀጥ ያመጣል። መኪናው አዲስ ነው፣ ዋስትናው ገና ብዙ ይቀረዋል። ፓኬጁን ገዛ። ቅያሪው የሚደረገው አንድ ላቫጆ ግቢ ውስጥ ነው። ዘይቱ ከበርሜል በእጅ ፓምፕ ወደ ባልዲ ይቀዳል፣ ከባልዲው ወደ ሞተር። በርሜሉ ላይ የነበረው ጽሁፍ ግማሹ ተፍቋል። ሹፌሩ ጠይቆ ነበር። «ለናፍጣ የሚሆን ነው፣ ዘይት ያው ዘይት ነው» ተባለ።

ወራት አለፉ፣ ተርቦው (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል) ማፏጨት ጀመረ። ጭሱ ሰማያዊ ሆነ። መኪናው ወደ አስመጪው ተወሰደ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ተርቦው አልነበረም። ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር ተቀየረ? ደረጃው ምንድን ነው? ደረሰኙ የታል? ደንበኛዬ ያለውን አወጣ። ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ወረቀት ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዘይት + ፊልትሮ ተከፍሏል» የሚል። የዘይት ደረጃ የለም፣ ኪሎ ሜትር የለም፣ ታርጋ የለም፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለም። የዋስትና ደብተሩ ላይ ደግሞ ክብ ማህተም አርፏል፣ አስመጪው የማያውቀው ማህተም። ከሞተሩ ናሙና ተወስዶ ታየና «እኛ ያዘዝነው ደረጃ አይደለም» የሚል ደብዳቤ መጣ። የተርቦው ዋጋ ከራሱ ኪስ ወጣ። ፓኬጅ ሻጩ ጋ ሲደውልለት ምን አለው መሰላችሁ? «እኔ ዘይት ነው የሸጥኩልህ፣ ተርቦ አልሸጥኩልህም።»

ተርቦውን የገደለው ዘይቱ ነው ብዬ አልምልም። የፋብሪካ ችግርም ሊሆን ይችል ነበር። ግን ሰውየው የሚከራከርበት ወረቀት ስላልነበረው የፋብሪካ ችግር ቢሆን እንኳ ዕዳው የእሱ ሆነ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዋስትና ላይ ያለ መኪና የሚጠየቀው ትክክለኛ ዘይት ብቻ አይደለም፣ ትክክለኛ ዘይት መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሻጮቹ ብልሃት እንምጣ። ከሁሉም በላይ የሚሠራላቸው የጣት ትርኢት ነው። ሰውየው በአንድ ጣቱ ከራሱ ዘይት፣ በሌላው ደግሞ የመኪናው መመሪያ ካዘዘው ዘይት ጠብ ያደርግና አሻሽቶ ያሳያችኋል። የእሱ ይጣበቃል፣ ይሳባል። ያኛው ቶሎ ይንሸራተታል። «አየህ? ይሄ ቀጭን ነገር አባይ በረሃ ስትገባ ውሃ ይሆንብሃል» ይላል። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን በጭነት የወጣ ሹፌር ይህን ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል። ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው፣ ቀላል አይደለም።

ግን ጣት የሚያውቀው የላቫጆውን ሙቀት ነው። ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ጋራዥ ውስጥ «ፊፍቲን ፎርቲ» የምንለውን 15ደብሊው-40ን ውሰዱ። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል፣ ሁለተኛው ሲሞቅ። በ100 ዲግሪ ላይ ማንኛውም ባለ 40 ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ባለው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። በርሜል ውስጥ የሚሸጠው «ወፍራሙ ፎርቲ»፣ ማለትም ባለ አንድ ቁጥሩ 40ም፣ ያው እዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ማለትም አባይ በረሃ ውስጥ ሞተሩ ሲግል ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው ሲቀዘቅዙ ነው፣ እሱም በወፍራሙ ላይ የሚፈርድ ልዩነት ነው። የታህሳስ ንጋት ላይ ሞተር ስታስነሱ ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚሽከረከረው ተርቦም ዘይት ሳያገኝ ይዞራል።

20ደብሊው-50ን «ለእኛ አገር የተሠራ» አድርገው የሚሸጡም አሉ። ለአሮጌ፣ ለተበላ ሞተር ሰዎች የሚመርጡበት ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል፣ እሱን አልነካም። አዲስ ሞተር ግን በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ሆኖ ነው የተሠራው። ከመኪናው ጋር በመጣው መመሪያ ውስጥ የአየር ሙቀትንና የዘይት ቁጥርን የሚያገናኝ ሰንጠረዥ አለ። ጣታችሁን ባህር ዳር ሙቀት ላይ አድርጉ፣ ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ግዙ። አለቀ። በሰንጠረዡ የሌለ ቁጥር ከጨመራችሁ፣ አስመጪው እምቢ የሚልበትን ምክንያት በነፃ ሰጣችሁት።

ውፍረቱ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ከጀሪካኑ ጀርባ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ኤፒአይ» (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የዘይት ደረጃ) የሚል መስመር ፈልጉ። ፊት ለፊት ያለውን የከባድ መኪና ስዕልና «ተርቦ»፣ «ሱፐር»፣ «ሄቪ ዲዩቲ» የሚለውን ተዉት፣ እሱ ማስታወቂያ ነው። ከኤፒአይ ቀጥሎ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ነው። ከሲ ቀጥሎ ያለው ፊደል ደግሞ የዘይቱን ትውልድ ይናገራል። ሲኤፍ-4 የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬ ጊዜው እንዳለፈበት ተቆጥሯል። ሲኤች-4 በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲኬ-4 ደግሞ በ2016 መጨረሻ ነው የመጡት። ርካሹ ጀሪካን ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው ሲኤፍ-4 ስለሆነ ነው። «ለናፍጣ የሚሆን» ሲሏችሁ አልዋሹም። ግን ከሰላሳ ዓመት በፊት ለነበረ ናፍጣ ሞተር የታሰበ ዘይት ነው የሚሸጡላችሁ።

«እንግዲያው አዲሱን ልግዛ» ብላችሁም አትሩጡ። ከሲኬ-4 ጋር አብሮ የወጣ ኤፍኤ-4 የሚባል ቀጭን ዘይት አለ። ለተወሰኑ አዳዲስ ሞተሮች ብቻ ነው፣ የሲኬ-4 ምትክ አይደለም። የመኪናችሁ መመሪያ በስሙ ካልጠራው አትንኩት። መኪናችሁ ጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ፣ ማለትም ዲፒኤፍ፣ ካለው ደግሞ አመዱ ትንሽ የሆነ ዘይት ያስፈልገዋል። ተራ ሲአይ-4 ካደረጋችሁለት ማጣሪያው በአመድ ቀስ በቀስ ይደፈናል። ዲፒኤፍ እንዳለው የማታውቁ ከሆነ መመሪያውን እዩ ወይም አስመጪውን ጠይቁ።

ስለ ናፍጣችንም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ፓኬጅ ሻጮቹ በጭራሽ አያነሱትም። ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል ከእርጥበት ጋር ተደባልቆ አሲድ ይፈጥራል። ዘይቱ ውስጥ ይህን አሲድ የሚያመክን ቅመም አለ፣ ባለሙያዎች መጠኑን ቲቢኤን ይሉታል። ድኙ ሲበዛ ቅመሙ ቶሎ ያልቃል። ሲኬ-4 የተሠራው ድኙ በጣም ለተቀነሰ ናፍጣ ታስቦ ነው። ድኙ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) በላይ በሆነ ናፍጣ ከተጠቀማችሁበት የቅያሪውን ርቀት አምራቹን ጠይቁ የሚባለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «የእኛ ዘይት ምርጥ ስለሆነ ርቀቱን እጥፍ ሂድበት» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። መመሪያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት የቅያሪ ሰንጠረዥ አለ፣ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለከባድ ሥራ። አቧራ፣ ዳገት፣ ሙሉ ጭነት፣ ሞተር ሳያጠፉ ለረጅም ጊዜ መቆም ከባድ ሥራ ናቸው። ከወንዝ አሸዋ የምትጭኑ ወይም በኮረኮንች ገጠር የምትገቡ ሁሉ ሁለተኛው ሰንጠረዥ ነው የሚመለከታችሁ። ርቀቱ አጭር ነው፣ ያናድዳል፣ ግን የተጻፈው ለእናንተ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሳይደርስ የሚያስቀይሯችሁ አሉ። የመለኪያውን ዘንግ መዝዘው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ «እይ እንዴት እንደጠቆረ!» ይላሉ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ጥላሸቱን ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። በጥቁረት ብቻ አትቀይሩ። ከዘይቱ ላይ የሚጨመር «ሞተር ማጠንከሪያ» ጠርሙስም እንዳትገዙ። ብዙ አምራቾች ተጨማሪ ቅመም አትጨምሩ ብለው መመሪያቸው ላይ ጽፈዋል። (በነገራችን ላይ የተቀዳው አሮጌ ዘይት የት እንደሚሄድ ጠይቁ። በቦይ አድርጎ ጣና የሚገባ ከሆነ፣ እምቦጩ አልበቃ ብሎን ነው?)

ፎርጅዱ ሌላ ጣጣ ነው። የታወቀ ስም ያለው ጀሪካን ውስጥ ሌላ ዘይት ተሞልቶ ይሸጣል። ከክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ሳይበጠስ እጃችሁ ላይ መድረሱን፣ የምርት ቁጥሩ ጀሪካኑ ላይ መታተሙንና ቢፈገፈግ እንደማይለቅ እዩ። ሲከፈት ቆማችሁ እዩ። ባዶውን ደግሞ ለቆራሌው እንዲሁ አትስጡ፣ በቢላ ቀደድ አድርጉት። ነገ ተሞልቶ የሚመጣው ወደ እናንተ ሊሆን ይችላል። ከበርሜል በባልዲ የሚቀዳ ዘይት ዋስትና ላይ ላለ መኪና በፍጹም አልመክርም። ዘይቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ምን እንደሆነ ማስረዳት አትችሉም።

ሰው ለምን በዚህ ፓኬጅ እንደሚገባ ይገባኛል። አንዳንድ አስመጪ የተፈቀደለት ጋራዥ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው። ለዘይት ቅያሪ ብሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ መኪና የሚነዳ ማን ነው? መፍትሔው ግን መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት አስመጪውን በጽሁፍ መጠየቅ ነው። ባህር ዳር ላይ የት ማስቀየር እችላለሁ? ዘይቱ በየትኛው ቁጥርና በየትኛው ኤፒአይ ይሁን? ፊልትሮው የእናንተ መሆን አለበት ወይስ ተመጣጣኝ ይበቃል? መልሱ በደብዳቤ ቢሆን ይመረጣል፣ በቴሌግራምም ቢሆን አታጥፉት። ቴክኒሻኑ በቃል «ችግር የለውም» ቢላችሁ፣ ችግር ሲመጣ እሱ ሥራ ቀይሮ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በየቅያሪው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ተቀበሉ። ሻጭ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጓል፣ ልመና አይደለም። ደረሰኙ ላይ «ዘይት» ተብሎ ብቻ ከታተመ የዘይቱን ሙሉ ስምና ደረጃ፣ ታርጋውንና ኪሎ ሜትሩን ከጀርባው አስጽፋችሁ አስፈርሙ። የኪሎ ሜትር ሰሌዳውንና የጀሪካኑን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሹፌር ብቻውን ከሄደ እሱ ይላክላችሁ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት ስለሚደበዝዝ ኮፒ አድርጉት፣ ዳሽቦርድ ላይ የተጣለ ደረሰኝ ክረምት ሳይደርስ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ፓኬጁን ከፍላችሁ ገና ቅያሪ የሚቀራችሁ ካላችሁ፣ ቀጣዩን አታስቀይሩ። የዘይቱን ደረጃ በማህተም ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ የቀረውን ገንዘብ በጽሁፍ ጠይቁ። ሞተሩ ውስጥ ያለውን ዘይት ቀድታችሁ መመሪያው ባዘዘው ቀይሩት፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። ለአስመጪውም አሁኑኑ አሳውቁ፣ ከተበላሸ በኋላ የሚነገር ነገር ሰበብ ይመስላል። የደንበኛዬ ቀሪ ክፍያ እስካሁን አልተመለሰም። ገንዘቡን በባንክ ስላስተላለፈ ግን ማስረጃው አለ፣ እሱን ይዘን ለከተማው ንግድ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገብተናል። ተመሳሳይ ግማሽ ወረቀት በእጃችሁ ያለ ካላችሁ አትጣሉት፣ እናንተም አስገቡ።